ሰባት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ

በሕንፃው ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ የምትመረምርና የምታድስ አንዲት ሴት አለች። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የኪራይ ውሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ከበሩ ጥበቃ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠራት «እትዬ ሰከንድ» እያለ ነው። ስሙን ያወጣላት ከጎኗ ቻርጀር የሚሸጠው ጎረቤቷ ነው። ሊያናድዳት ብሎ ነበር ያወጣላት፤ እሷ ግን ሳቀችና ወሰደችው። እኔም ብሆን እወስደው ነበር፤ ሴትዮዋን ቁጭ አድርጎ የሚያሳይ ስም ነው።

ላፕቶፕ ጠረጴዛዋ ላይ ሲቀመጥ ቶሎ አትከፍተውም። መጀመሪያ ገልብጣ ሆዱን ታያለች። የብሎኖቹ ጭንቅላት ከተላጠ ከእሷ በፊት አንድ ጉልበተኛ ካቻቢቴ ይዞ ገብቶበታል ማለት ነው። ቀጥላ ክዳኑን በአንድ ጣት አንስታ ማጠፊያው መላላት አለመላላቱን ታያለች፤ ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ትነካካለች፤ ስክሪኑን ነጭ አድርጋ የሞተ ነጥብ ትፈልጋለች፤ ባትሪው ስንት ጊዜ ሞልቶ ስንት ጊዜ እንዳለቀ ትጠይቀዋለች፤ እሱም አይዋሻትም። ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ታጠፋውና የስልኳን ሰዓት መቁጠሪያ ታወጣለች። ማብሪያውንና ስልኩን እኩል ትነካለች። ከዚያ እሷና ባለቤቱ ማሽኑ እስኪነሳ ድረስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። እዚህ ላይ የሚያወራ ደንበኛ ካለ የእጇ ምልክት አፉን ያስይዘዋል።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ አሮጌ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣችና «አዲስ ልግዛ ወይስ ይሄ ይሻላል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምን ትሠሪበታለሽ?»

«እጽፍበታለሁ፤ ትምህርት እከታተልበታለሁ፤ ፊልምም አይበታለሁ።»

«ለዚህማ ምን አዲስ አስፈለገሽ? ውስጡ ያለው ዲስክ እንደ ሸክላ እየተሽከረከረ ነው የሚያነብልሽ። እሱን አውጥቼ የማይሽከረከረውን፣ ኤስኤስዲ የሚሉትን አስገባልሻለሁ። ራምም እጨምርልሻለሁ። ከዚያ በኋላ ካላመሰገንሽኝ አምጥተሽ ራሴ ላይ ስበሪው። እስከዚያው እባክሽ ትንሽ ታገሺ።» ይህቺን «ትንሽ ታገሱ» ለደንበኛም ለቤተሰብም ሳትል አትውልም።

ሥራዋን ስትጨርስ በትንሽ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ጽፋ ማሽኑ ሆድ ላይ ትለጥፋለች። በፊት ይህን ያህል፣ አሁን ይህን ያህል። ሰው አዲስ ልብሱን እንደሚያሳይ ያንን ወረቀት እየገለበጠ ለጓደኞቹ የሚያሳይ ደንበኛ አላት። ለእሷ ደግሞ ከምስጋናው ሁሉ የሚበልጥባት በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሰው ዕድሜውን ስክሪን ላይ የምትዞር ክብ ሲያይ መጨረስ የለበትም ብላ የምታምን ሴት ናት። በዚህ እምነቷ የሚከራከራት ሰው ገጥሟት አያውቅም ነበር፤ የገጠማትም ከራሷ ቤት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቷን ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ምላሳቸውማ ከበፊቱም በርትቶ ነው የተመለሰው። ያልተመለሰው ቀኝ እጃቸው ነበር። ዕድሜውን በሙሉ መርፌ ይዞ የኖረ፣ የሰፈሩን ሴት ሁሉ ያለበሰ እጅ ተጨብጦ ቀረ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያዘዘችው አጭር ነገር ነው፦ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይታለፍ፣ ሰው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይዞ ይዘርጋ፤ አንጓቸውን ያዙር። ከታለፈ እጁ ይቆለፋል፤ ከተቆለፈ በኋላ የሚከፍተው የለም። አባትየው «እኔ አለሁ» አሉ። እጁም በእርግጥ እየተሻለው ሄደ፤ ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ እናቷ በዚያ እጅ ማንኪያ መያዝ ጀምረው ነበር።

አባቷ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ጡረታ ቢወጡም እርማት አልለቀቃቸውም። ዛሬም የሰው ጽሑፍ ይላክላቸዋል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ላፕቶፑን አጭሯ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ያርማሉ። ልጅቷ ወላጆቿን የምትጎበኘው እሑድ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ያንን ማሽን ሲሠራ አይታው አታውቅም ነበር።

አንድ እሑድ ግን ሻይ እስኪመጣ ብላ ማብሪያውን ተጫነችው። እጇ ስለለመደ ስልኳን አወጣች። አንድ ደቂቃ ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ሻዩ መጥቶ ተጠጥቶ አለቀ። ማሽኑ ተነስቶ ለሥራ ሲዘጋጅ ሰባት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ አለፈ።

«አባዬ! በዚህ ነው የምትሠራው? የእትዬ ሰከንድ አባት በሰባት ደቂቃ ማሽን ይሠራል ቢባል ያ ቻርጀር ሻጭ ዓመቱን ሙሉ ይስቅብኛል እኮ!»

«ተይው፣ ለምጄዋለሁ» አሉ አባቷ።

«ምን ያስቸኩላል?» አሉ እናቷም ከወዲያ ማዶ።

ሰምታ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። እሷ ግን በሥራዋ የመጣ ነገር ሲሆን ጆሮዋ አይሰማም። ላፕቶፑን በቦርሳ ይዛ ሄደች። ሱቋ ውስጥ ዲስኩን ስትመረምረው ደግሞ ልክ ሆና ተገኘች፤ ግማሹ ሞቷል፤ ዛሬ ነገ እያለ የአባቷን የዓመታት ሥራ ይዞ ሊጠፋ ነው። ሁሉንም ወደ አዲሱ ኤስኤስዲ ገለበጠች፤ ራም ጨመረች፤ ፋኑን ከአቧራው አጽድታ አዲስ ቅባት ቀባችው። አሮጌውን ዲስክ ቀይ ፕላስተር ለጥፋበት መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። በማግስቱ ጠዋት፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣ ማሽኑን ይዛ ቤታቸው ደረሰች።

አባቷ ማብሪያውን ተጫኑ። እናቷ ከጓዳ ወጥተው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው፣ መጥተው ከአጠገባቸው ተቀመጡ።

«እንዴ!» አሉ አባቷ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር። «እንዴ! ወረቀቴ ሁሉ ተደርድሮ ጠበቀኝ እኮ!» መነጽራቸውን አደረጉና ወዲያው ንባብ ጀመሩ።

እናቷ ጥቂት ተቀምጠው አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ባለቤታቸውን አዩ። ከዚያ ተነስተው ወደ ጓዳ ተመለሱ። ልጅቷ አየቻቸው፤ ልብ ግን አላለችም። ሻይ ሊጥዱ ነው ብላ አሰበች።

ከሰባት ሳምንት በኋላ የእናቷ የሐኪም ቀጠሮ ደረሰና ይዛቸው ሄደች። ባለሙያዋ ጣቶቻቸውን ዘርግታ በላስቲክ ማስመሪያ ለካች። ደግማ ለካች። ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ ባለፈው ከዚህ በጣም የተሻለ ነበር። ቤት ውስጥ አቆማችሁ እንዴ?»

«ኧረ አላቆምንም» አሉ እናቷ ግድግዳውን እያዩ።

«በዚህ ከቀጠለ ሁለት ወር አይቆይም፣ ይቆለፋል። እኔም ምንም አላደርግልዎትም።»

ልጅቷ በመንገድ ላይ ብትጠይቃቸው፣ ብታባብላቸው፣ ብትቆጣቸውም «አርጅቻለሁ፣ ሌላ ምን አለው» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቀና ስትል እናቷ በሯ ላይ ቆመዋል። ሁለት ፎቅ ደረጃ በዚያ እግራቸው ወጥተው፣ የላፕቶፑን ቦርሳ በግራ ትከሻቸው አንግተው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ዘላ ተነስታ ደገፈቻቸው።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው? አባዬስ?»

«አባትሽ ፀጉሩን ሊስተካከል ሄዷል። ሳይመለስ ልመለስ። ይሄን እንደ ድሮው አድርጊልኝ።»

«አስቸገረ?»

«አላስቸገረም።»

«ውሃ ፈሰሰበት?»

«ኧረ ምንም አልሆነ! እንደ ድሮው አድርጊልኝ አልኩሽ እኮ።»

ግራ ገባት። ማሽኑን አውጥታ ሆዱን አየች፤ አበራችው፤ ስልኳን አየች። «ይኸው፣ አሥራ አንድ ሰከንድ። እንደ ሰጠኋችሁ ነው ያለው። ምኑ ነው የከፋሽ?»

«እሱ ነው የከፋኝ።»

እናቷ ቻርጀር ሻጩ ወዳለበት አጮልቀው አዩና «በሩን ገርበብ አድርጊው» አሉ። ገርበብ ሲል በደህናው እጃቸው የታመመውን ይዘው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። የሚያወሩትም ለእሱ እንጂ ለልጃቸው አይመስልም ነበር።

«አባትሽ ጠዋት ይሄን ይጫነውና ይጠብቃል። እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። እጁ ሥራ ሲፈታ እንደማያርፍ ታውቂ የለ? እጄን ያነሳና ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዘረጋል። መጀመሪያ ሐኪሟ ስላዘዘች ነበር። እየቆየ ግን ወሬ ጨመረበት። ማተሚያ ቤት ሳለ የሠሩትን ጉድ፣ ገና ሳንጋባ በእናቴ ቤት በር ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ፣ በሕይወቴ ያልሰማሁትን ሁሉ አወራኝ። ማሽኑ ሲነሳ ‹በይ እሜትዬ፣ ሥራ ጠራኝ› ይልና ይለቀኛል። አሁን ግን ገና ሳልቀመጥ ይነሳል። ሥራው ፊቱ ላይ ተደቅኖ ‹እጅሽን አምጪ› ይለኛል? ‹በኋላ› ይላል። በኋላ ምሳ ይሆናል፤ ከምሳ በኋላ ያሸልበዋል። ክፋት የለውም እኮ፤ ይረሳዋል።»

ልጅቷን ስንት ጊዜ በዚያች ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ስንት ነገር ለክታ፣ ይህን ሳታይ መቅረቷ አንገበገባት።

«እኔ እነግረዋለሁ እማዬ። ዛሬውኑ።»

«እንዳትሞክሪው!» እናቷ ሲቆጡ ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር። «ብትነግሪው ይሠራዋል። አባትሽ የታዘዘውን ይሠራል፤ እንደ ክኒን። ሰዓት ጠብቆ ይጀምራል፣ ቆጥሮ ይጨርሳል፣ ይነሳል። ጣቴ ይዘረጋ ይሆናል። እኔ ግን…»

ልጅቷ የወረቀት መሐረብ ሰጠቻቸው።

«ታዲያ አንቺው ያዘኝ በይዋ።»

«አርባ ሁለት ዓመት ስንኖር እጄን ያዘኝ ብዬው አላውቅም። እሱም ያዢኝ ብሎኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር አናውቅበትም ልጄ። አሁን በስተርጅና ከየት ልጀምረው?»

ልጅቷ መሳቢያዋን ከፈተች። ባለቀይ ፕላስተሩን ዲስክ አውጥታ ሰካችና እንደገና መረመረችው፤ ምናልባት ያኔ ተሳስቼ ይሆናል ብላ ተመኘች። አልተሳሳተችም። እንዲያውም ብሶበታል። በገዛ እጇ የጣለችውን ዲስክ ለደንበኛ መልሳ አታውቅም፤ ለአባቷማ እንዴት ትመልሳለች? ዲስኩን መልሳ ከመሳቢያው ከተተችና እጆቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች።

ብዙም አልፈጀባት። ማሽኑ ሲነሳ ማንኛውም ነገር ከመከፈቱ በፊት ስክሪኑን በጥቁር የምትሸፍን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። በጥቁሩ መሐል በነጭ «እባክዎ ትንሽ ይታገሱ» ይላል። ከሥሩ ኤስኤስዲው እንደ አዲስ እየሠራ፣ ከላይ ግን ያ አሮጌ ማሽን ነው። ሰባት ደቂቃ ከአስር ሰከንድ። ሁለት ጊዜ ሞከረችው። እናቷ ከጎኗ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፤ እሷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽን እንዳይፈጥን ስልኳን ይዛ ትጠብቃለች። ሲያልቅ ሆዱ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ልጣ ጣለችው። አዲስ ለመጻፍ እስክሪብቶ ብታነሳም የምትጽፈው ጠፋትና ተወችው። ከዚያ እናቷን በታክሲ አሳፍራ፣ አባቷ ከፀጉር ቤት ሳይመለሱ እቤት አስገባቻቸው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ምክንያት እየፈለገች ትደውል ጀመር። ስልኩን የሚያነሱት እናቷ ናቸው። «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ትላለች። «እየጠበቅን ነዋ!» ይሏታል፤ ከኋላ ደግሞ የአባቷ ወሬ ይሰማታል። እንዲህ በተባለች ቀን ለደንበኞቿ የምትናገረው ሁሉ ማር ማር ይላል። ቻርጀር ሻጩ «እትዬ ሰከንድ ዛሬ ምን አግኝታ ነው?» ይላል።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አባቷ መጡ። ቦርሳውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው፣ ደንበኞች በሚቀመጡባት በርጩማ ላይ እንደ ደንበኛ ቁጭ አሉ።

«ምን ሆነ አባዬ?»

«ማሽኑ ታሟል።»

ልጅቷ ላፕቶፑን አውጥታ እንደ ልማዷ ገለበጠችው፤ ብሎኖቹን እንዳላየች ሁሉ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አቧራ የሌለበትን ፋን እፍ አለችው።

«ይሄ ማሽን ስንት ዓመት አብሮኝ ኖረ?» አሉ አባቷ።

«ዘጠኝ።»

«በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን በራሴ ቋንቋ አናግሮኝ አያውቅም። ባለፈው ወር ግን ድንገት ‹እባክዎ ትንሽ ይታገሱ› ይለኝ ጀመር። እንደዚያ የምትል ሰው ደግሞ በዚህ ምድር ላይ አንዲት ብቻ ነው የማውቀው።»

የምትገባበት ጠፋት። «አባዬ፣ እኔ…»

«ልጨርስ። በመጀመሪያው ቀን ተናደድኩ። በሁለተኛው ቀን ልጮህብሽ ስልኬን አነሳሁ። ገና ሳልደውል እናትሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሌላ የምሠራው አልነበረኝምና እጇን አነሳሁት። ድንጋይ ሆኗል። ልጄ፣ እጇ ድንጋይ ሆኗል። እኔ የሰው ነጠላ ሰረዝ ስፈልግ እዚያው ጎኔ ተቀምጣ እጇ ሲቆለፍ አላየሁም። ይሄ ነው አራሚ?»

«ማሽኑ ፈጥኖብህ ነው እንጂ አንተ ምን አደረግህ? ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«በማሽን አያመካኙም» አሉ አባቷ። «በዚያው ዝም አልኩ። ስልኩንም አስቀመጥኩት።»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችው። «ካወቅክማ ምን ያደርጋል? ላጥፋልህ። አንድ ደቂቃም አይፈጅም።»

አባቷ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ ከደኑ። «ማን አጥፊልኝ አለሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግልህ?»

ወደ በሩ አዩ። ጎረቤቱ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል። አንገታቸውን አስግገው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ልትጨምሪበት ትችያለሽ?»

«ምን?»

«ደቂቃ።»

ልጅቷ ተነስታ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ትናንት» አሉ አባቷ፣ «ጣቶቿን ዘርግቼ ጨርሼ፣ እጇን እንደያዝኩ ወሬዬን ቀጠልኩ። በመሐል ጨበጠችኝ። በዚያ እጇ። ቀስ ብላ ነው፣ ግን ጨበጠችኝ። ምን እንደማወራ ጠፋኝ። እሷም አታየኝም፣ እኔም አላያትም፣ ዝም ብለን ተቀመጥን። ወዲያው ይሄ የማይረባ ማሽን ቦግ አለ! ‹በል፣ ሥራህ መጣልህ› አለችና ለቀቀችኝ።»

«አትልቀቂኝ አትላትም ነበር አባዬ?»

«እኔ?» አባቷ ከልባቸው ደነገጡ። «ያንን ቃል ከየት አባቴ ላምጣው?»

ልጅቷ ላፕቶፑን ከፈተች፤ ፕሮግራሟን አወጣች፤ ሰባት ከሚለው ቁጥር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ስንት ላድርገው?»

አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ አሰቡ።

«ሃያ» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ቁጥሯን ጠጋ ብለው አዩዋት። «ቆይ፣ ሃያ አምስት አድርጊው። ለእናትሽ ግን እንዳትነግሪያት።»